ዊንዶውሱ ከታደሰ በኋላ የጋራ ፎልደራችን አልከፈት ሲል

ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ታላቅ እህቴ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመችም። «ወንድሜ ቶሎ ድረስልኝ፤ ሰርቨሩ ሞቷል» አለችኝ።

እህቴ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ አላት። ከእሷ ጋር አራት ሆነው የሱቅ፣ የብሎኬት ማምረቻና የጭነት መኪና ባለቤቶችን ሂሳብ ይሠራሉ። ጥቅምት ለእነሱ እንቅልፍ የማይገኝበት ወር ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለባቸው። የቀራቸው ሃያ ቀን ነው። የደንበኞች ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የፒችትሪ ባክአፕ፣ የኤክሴል ሥራ፣ ሁሉም ያለው ጥግ ላይ በተቀመጠ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ነው። «ሰርቨሩ» የሚሉት እሱን ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ተጭኖበታል፤ ፎልደሩን ሳምባ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም በኩል ለዊንዶውሶቹ ያጋራል። ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ሆዴ ተረብሿል። ቅዳሜ እዚያው ቢሮ ነበርኩ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 4 (እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ስላበቃ፣ ሦስቱን ኮምፒውተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ 24ኤች2 ወደሚባለው እትም አሳድጌያቸው ነበር። አራተኛው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው ቺፕ ስለሌለው ባለበት ቀረ። በዚያው ቀን ሰርቨሩንም ከኡቡንቱ 18.04 ተነስቼ በ20.04 በኩል አድርጌ ወደ 22.04 አደረስኩት። ማታ ስወጣ ኢንተርኔቱን ሞከርኩ፣ ፕሪንተሩን ሞከርኩ። የጋራ ፎልደሩን ግን ከፍቼ አላየሁም። ሁለት ትልልቅ ለውጦች በአንድ ቀን ማድረጌ ኋላ ላይ ብዙ ሰዓት አስከፍሎኛል። እናንተ ካላችሁ ዛሬ አንዱን፣ ሌላውን ደግሞ በሳምንቱ አድርጉት።

ስደርስ ራውተሩን ሁለት ጊዜ፣ ሰርቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አብርተውታል። አንደኛው ልጅ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ በሌላ ለውጦታል። እህቴ ስክሪኑ ላይ ያለውን ዜድ ድራይቭ (የጋራ ፎልደሩ የሚከፈትበትን) እና ቀዩን ኤክስ እያሳየችኝ «ይኸው፣ ጠፍቷል» ትለኛለች።

ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት ገንዘብ ያዧን «እስቲ አንቺ ባንቺ ኮምፒውተር ክፈቺው» አልኳት። የእሷ ነው ዊንዶውስ 10 ላይ የቀረው። ሁለት ጊዜ ክሊክ አደረገች፤ ፎልደሩ ቁጭ አለ። ፋይሎቹ በሙሉ አሉ። እህቴ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ «ተመስገን» አለች።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። የጋራ ፎልደር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን ነው እምቢ ያለው?» ነው። ለሁሉም ከሆነ ወደ ሰርቨሩ፣ ወደ ስዊቹ፣ ወደ ራውተሩ ትሄዳላችሁ። ለአንዳንዱ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ አልሞተም፤ ችግሩ ሁለቱ ማሽኖች በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ነው። ገመድ መንቀል አያስፈልግም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ስትከፍቱ የሰርቨሩ ስም ላይታይ ይችላል። ያ ዝርዝር በድሮው አሠራር በኤስኤምቢ1 (ኮምፒውተሮች ፋይል ሲጋሩ የሚነጋገሩበት፣ ኤስኤምቢ የሚባለው ቋንቋ አሮጌ እትም) ላይ ይመካ ስለነበር፣ እሱ ሲጠፋ ዝርዝሩም ባዶ ይሆናል። ስሙ አልታየም ማለት ሰርቨሩ የለም ማለት አይደለም። አድራሻውን በቀጥታ ጻፉት። የእኛ 192.168.1.20 ነው።

ከዚያ ወደ ትእዛዝ መጻፊያው ጥቁር መስኮት ገባሁ። በመዳፊት ስትከፍቱት ዊንዶውስ የሚያወጣው መልእክት ብዙ ጊዜ ጥቅልል ያለ ነው፤ «አልተገኘም» ብሎ ያልፋል። «ኔት ዩዝ» ብላችሁ የሰርቨሩን አድራሻና የፎልደሩን ስም ስትጽፉ ግን ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ነው ቁም ነገሩ። እኔ ያገኘሁት 1272 ነበር።

በዚያ ሳምንት ካየኋቸውና ከዚህ በፊት ካጋጠሙኝ ውስጥ የሚጠቅሟችሁን ልንገራችሁ። 53 ከሆነ ዊንዶውሱ ሰርቨሩን ጨርሶ አላገኘውም፤ አድራሻው ተቀይሮ ወይም 445 የሚባለው ፖርት፣ ማለትም የፋይል መጋሪያው በር፣ ተዘግቶ ይሆናል። 67 ከሆነ ማሽኑ ተገኝቷል፣ የፎልደሩ ስም ግን ተሳስቷል። 86 የፓስወርድ ስህተት ነው። 384 ሰርቨሩ ከኤስኤምቢ1 በቀር ሌላ አያውቅም ማለት ነው፤ ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 1709 እትም ጀምሮ ኤስኤምቢ1 አብሮ ተጭኖ አይመጣም። 1272 ደግሞ «ይህ ሰርቨር ማን መሆኔን ሳይጠይቅ በእንግድነት ሊያስገባኝ ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲህ አልገባም» ማለቱ ነው።

እምቢ ያለው እንግዲህ ሰርቨሩ አይደለም። ሰርቨሩ እንደ ድሮው በሩን በርግዶ ነው የሚጠብቀው። እምቢ ያለው ዊንዶውሱ ራሱ ነው። የጋራ ፎልደሩን መጀመሪያ ሳዘጋጅላቸው ያለ ፓስወርድ ነበር የከፈትኩት። ሳምባ የማያውቀው ሰው ሲመጣ «እንግዳ» ብሎ እንዲያሳልፈው አድርጌዋለሁ። ቀላል ነበር፤ ማንም ፓስወርድ አይረሳም። ከ24ኤች2 ጀምሮ ግን ዊንዶውስ 11 ፕሮ እንዲህ ያለውን የእንግዳ መግቢያ በራሱ አይቀበልም። ምክንያቱ ደህና ምክንያት ነው። ፓስወርድ የማይጠይቅ ሰርቨር እውነተኛው ሰርቨር መሆኑን የምታውቁበት መንገድ የለም። አንድ ሰው ኔትወርኩ ውስጥ ገብቶ በዚያው ስም የውሸት ፎልደር ቢዘረጋ ኮምፒውተሩ ሳያቅማማ ይገባለታል።

በዚያ ጠዋት ግን ሰዓት አልነበረኝም። እህቴ ከኋላዬ ቆማለች፤ ደንበኛ በር ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ አቋራጩን ሞከርኩ። ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ ገብቼ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የእንግዳ መግቢያውን ፈቀድኩ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። አሁንም እምቢ አለ። መልእክቱ ግን ተቀየረ፤ አሁን የሚያወራው ስለ ፊርማ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዊንዶውሱን ወደ ኋላ ሊመልሰው ይነሳል። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ ስለነበር ልግለጸው። ያው 24ኤች2 ሁለተኛ ነገር ቀይሯል፤ በፕሮ፣ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን እትሞች ላይ እያንዳንዱ የኤስኤምቢ መልእክት መፈረም አለበት። ፊርማው ዳታው በመንገድ ላይ እንዳልተነካ ማረጋገጫ ነው። የሚፈረምበት ቁልፍ የሚወጣው ደግሞ ተጠቃሚው ሲገባ ከሚደረገው የፓስወርድ ልውውጥ ነው። እንግዳ ፓስወርድ የለውም። ፓስወርድ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ፊርማ የለም። ስለዚህ እንግዳ እንዲገባ ከፈለጋችሁ አንዱን መቆለፊያ ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም መክፈት አለባችሁ፤ ያውም በየኮምፒውተሩ እየዞራችሁ።

እዚያ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። የሰው ገቢና ወጪ፣ የባንክ ወረቀት፣ የግብር መለያ ቁጥር ያለበት ቢሮ ነው። ኮምፒውተሮቹን ለማጠናከር ብዬ ቅዳሜን ሙሉ ውዬ ሰኞ ጠዋት ሁለት መቆለፊያ ልፈታ አይገባም። ሬጅስትሪ ላይ የነካሁትን መለስኩና ለእህቴ «እትዬ፣ እስከ ምሳ ስጪኝ። እስከዚያ የሚቸኩለውን በገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ሥሩ» አልኳት። ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከባድ አልነበረም፤ ወጥመዶች ግን አሉበት። ሰርቨሩ ላይ ለአራቱም ሠራተኞች የየራሳቸው ተጠቃሚ ፈጠርኩ። እዚህ ያለው ወጥመድ የሳምባ ፓስወርድና የኡቡንቱ ፓስወርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሰውየውን ኡቡንቱ ላይ ብትፈጥሩትም «ኤስኤምቢፓስወርድ» በሚለው ትእዛዝ ለብቻው ሳምባ ውስጥ ካላስመዘገባችሁት አይገባም። ቀጥሎ የሳምባን ቅንብር የያዘውን «ኤስኤምቢ ዶት ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩና ዋናው ላይ እንግዳ የሚፈቅደውን መስመር አጠፋሁ። የማይታወቀውን ሰው እንግዳ የሚያደርገውን «ማፕ ቱ ጌስት» የሚለውንም «ኔቨር» (በፍጹም) አልኩት። ፋይሉን ስትጨርሱ «ቴስትፓርም» የሚለውን ትእዛዝ አሂዱት። የፊደል ስህተት ካለ እዚያው ያሳያችኋል።

ዊንዶውሶቹ ላይ ስሞክር 1219 መጣ። ይህ ብዙ ሰው የሚያደናግር ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ በሁለት የተለያዩ ስሞች መግባት አይፈቅድም። የድሮው ግንኙነት ገና ስላልተቋረጠ አዲሱን ስም አልቀበልም ይላል። የድሮዎቹን ግንኙነቶች በ«ኔት ዩዝ» አጠፋሁ። ዊንዶውስ ፓስወርድ በሚያስቀምጥበት «ክሬደንሻል ማኔጀር» ውስጥ በሰርቨሩ ስም የተቀመጠውን አሮጌ መረጃ አስወገድኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጌ ገባሁ።

አንደኛው ልጅ ደግሞ ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍትበትን ፒን ደጋግሞ ያስገባል፤ ደጋግሞ 86። ፒኑ ያንን ኮምፒውተር ብቻ የሚከፍት ነው፤ ሰርቨሩ አያውቀውም። የተሰጠውን የሳምባ ፓስወርድ አስገባ ስለው ወዲያው ተከፈተለት። የተጠቃሚውን ስም ስትጽፉም ከፊቱ የሰርቨሩን ስም አስቀድሙ፤ አለዚያ ዊንዶውሱ የራሱን ተጠቃሚ አስመስሎ ሊልክ ይችላል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ፎልደሩን ከፈቱ። አለቀ ብዬ ቡና ሳዝ እህቴ «አይቶ መመለስ ብቻ ነው እንዴ? ሴቭ አያደርግልኝም» አለች። ኤክሴሉ «ሪድ ኦንሊ» ይላል። አየሁት፤ እውነቷን ነው። እስከዛሬ የተቀመጡት ፋይሎች ሁሉ በእንግዳው ስም የተጻፉ ናቸው፤ ባለቤታቸው «ኖባዲ» የሚባለው ተጠቃሚ ነው። አዲሶቹ ሠራተኞች ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተፈቀደላቸውም። አራቱንም በአንድ ግሩፕ አስገባሁና የፋይሎቹን ሁሉ ግሩፕ ወደዚያ ቀየርኩ፤ ግሩፑ እንዲጽፍም ፈቀድኩ። ፎልደሮቹ ላይ ፈቃዱን 2770 አደረግኩት። ፊት ያለችው 2 ጥቅም አላት። ነገ አንዱ የሚፈጥረው ፋይል በግሩፑ ስም ይቀመጣል፤ በራሱ የግል ግሩፕ አይቀርም። አዳዲሶቹ ፋይሎችም ለግሩፑ መጻፍ የሚፈቅዱ እንዲሆኑ ሳምባ ላይ የመፍጠሪያ ፈቃዱን 0660 አልኩት። ይህን ካላደረጋችሁ በሳምንቱ «የእሷን ፋይል ማስተካከል አልቻልኩም» የሚል ስልክ ይመጣላችኋል።

ከሰዓት በኋላ ፎቶኮፒ ማሽኑ ተራውን ያዘ። ማሽኑ ደረሰኝ ስካን አድርጎ በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ወዳለ ፎልደር ይልክ ነበር። አሁን «መላክ አልተቻለም» ብሎ ወረቀት ያትማል። ለማሽኑም ተጠቃሚና ፓስወርድ ሰጠሁት፤ ያው ነው። ዊንዶውስ 11 እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም፤ ማሽኑ የሚነጋገረው ከሰርቨሩ ጋር ብቻ ነው። የቅዳሜው ሁለተኛ ለውጥ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከሳምባ 4.11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ሳምባ ኤስኤምቢ1ን ካልፈቀዱለት አይቀበልም። ከኡቡንቱ 18.04 ጋር የመጣው ሳምባ ግን ከዚያ የቀደመ ነበር። ፎቶኮፒ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ከኤስኤምቢ1 ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ሰርቨሩ ሲያድግ ሁለቱ መግባባት አቆሙ።

ይህን በአንድ መስመር መመለስ ይቻላል። ሳምባ የሚቀበለውን ዝቅተኛ እትም የሚወስነውን «ሰርቨር ሚን ፕሮቶኮል» የሚለውን ወደ ድሮው ዝቅ ማድረግ ነው። አላደረግኩትም፤ እናንተም ባታደርጉት እወዳለሁ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ1 ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። መድኃኒቱ አፕዴት ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት። ያ ቀዳዳ የእኛን የኡቡንቱ ሰርቨር በቀጥታ አይመለከትም። ቢሆንም ፊርማውና ጥበቃው ደካማ የሆነ የ1980ዎቹ ፕሮቶኮል ለአንድ ፎቶኮፒ ማሽን ብሎ ለቢሮው ሁሉ መክፈት አይታየኝም።

መጀመሪያ የማሽኑን ፈርምዌር (ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር) አፕዴት ፈለግኩ። አንዳንድ ማሽኖች በዚያ ብቻ ኤስኤምቢ2 ይለምዳሉ፤ የእናንተን ሳትፈትሹ አትለፉ። ለዚህኛው አልተገኘም። ማሽኑ በኤፍቲፒ፣ ማለትም በሌላ የፋይል መላኪያ መንገድ፣ መላክ ስለሚችል ሰርቨሩ ላይ ትንሽ የኤፍቲፒ አገልግሎት አቆምኩ። የሚገባበት ተጠቃሚ ከስካን ፎልደሩ ውጪ የትም አይደርስም። ፋየርዎሉም ከፎቶኮፒ ማሽኑ አድራሻ በቀር ማንንም አያስገባም። ኤፍቲፒ የሚልከውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ከቢሮው ኔትወርክ ውጪ እንዲታይ አታድርጉት። አሥር ሰዓት ላይ አንድ የነዳጅ ደረሰኝ መስታወቱ ላይ አስቀምጬ አረንጓዴዋን ተጫንኩ። ደረሰኙ እህቴ ስክሪን ላይ ሲወጣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

የቀረው የራሴ ላፕቶፕ ነው። ኡቡንቱ ነው፤ ሲነሳ ፎልደሩን ማውንት አድርጎ (ከራሱ ጋር አገናኝቶ) ባክአፕ ይወስዳል። እሱም 95 የሚል ስህተት አወጣ። ሊኑክሱ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ፎልደሮች በሚዘረዘሩበት «ኤፍኤስታብ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ያኔ የጻፍኩት «ቨርስ» 1.0 (በኤስኤምቢ1 ተነጋገር) የሚል ምርጫ እስከዛሬ አለ። ሰርቨሩ አሁን ያንን አይቀበልም። ወደ 3.0 ስቀይረው ስህተቱ ወደ 13 ተለወጠ። ደስ አለኝ፤ 13 ማለት ቋንቋው ገብቷቸዋል፣ የቀረው ፓስወርድ ነው። ፓስወርዱን በተለየ ፋይል አስቀምጬ ሌላ ተጠቃሚ እንዳያነበው ፈቃዱን 600 አደረግኩት፤ ከዚያ ማውንት ሆነ። ሊኑክስ ላይ 112 ካያችሁ ደግሞ «ሆስት ኢዝ ዳውን» የሚለውን ጽሑፍ ቶሎ አትመኑት። ሰርቨሩን ፒንግ አድርጉት። ከመለሰ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የፕሮቶኮል አለመግባባት ነው። ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 4.13 ወዲህ ሊኑክስ በራሱ ኤስኤምቢ1ን ስለማይመርጥ፣ አሮጌ የስቶሬጅ ሳጥን ያላቸው ይህን ቁጥር ያውቁታል። ዝርዝሩን «ዲሜሴጅ» የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል።

እዚያው መስመር ላይ «ኖፌይል» እና «ኔትዴቭ» የሚሉትን ጨመርኩ። ቱሉ ዲምቱ መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ሁሉም ማሽን በአንድ ላይ ይነሳል፤ ራውተሩ ግን ይዘገያል። ያለ እነዚህ ቃላት ሊኑክሱ የጋራ ፎልደሩን ፍለጋ ይቆምና ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ለሰርቨሩም ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ አስያዝኩለት። ካልተያዘ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ 53 ይመጣል።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሄደ። እህቴ ደውላ «መብራት መጣ፣ ዜድ ላይ ግን ያ ቀይ ኤክስ ተመልሷል» አለችኝ። «እትዬ፣ ዝም ብለሽ ክፈቺው» አልኳት። ዊንዶውሱ ኔትወርኩ ሳይደርስ ስለተነሳ ነው ምልክቱ የሚወጣው። በስልኩ ውስጥ የክሊክ ድምፅ ሰማሁ። «ከፈተ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የአራቱ ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝናው ውስጥ ነው። የገንዘብ ያዧ ዊንዶውስ 10 እስኪቀየር ድረስ ኢንተርኔት አይነካም፤ ከሰርቨሩ ጋር ብቻ ይገናኛል።